ቀዩ መስመር ማንን ያስጠነቅቃል?

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ላይ ያገኘሁትን የአንድ የእጅ ሰዓት ፎቶ ለአጎቴ አሳየሁት። ሰዓቱ የድሮ ስፖርት መኪና አርፒኤም መለኪያ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ገጹ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ነጭ ናቸው፤ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ቀይ ቅስት ተስሎበታል። መሀል ላይ ደግሞ በትንንሹ «×1000» ይላል። አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋና፣ «ይሄ ሰውዬ ሞተሩን ሊያነደው ነው እንዴ?» አለኝ። ረጅሟ ቀስት ቀዩ ውስጥ ገብታ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰዓት እኮ ነው» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እና ስንት ሰዓት ነው?»

እኔም ቶሎ መመለስ አልቻልኩም።

የመኪና ዳሽቦርድ መስለው ስለሚሠሩ ሰዓቶች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ማስታወቂያ ነው። የመስታወቱን ጥንካሬ፣ የማሰሪያውን ቆዳ፣ ስንት ፍሬ ብቻ እንደተመረተ ይዘረዝርና ያበቃል። የአጎቴን ሁለት ጥያቄዎች የሚያነሳ ግን አላጋጠመኝም። ቀዩ ምን ማለት ነው? ሰዓቱስ ስንት ነው? እኔ እነዚህን ሰዓቶች እወዳቸዋለሁ፤ ማታ ማታ ሳልገዛ እያየኋቸው ነው የማመሸው። ለዚህም ነው በዝምታ ላልፋቸው ያልቻልኩት።

እስቲ ከቀዩ እንጀምር። አርፒኤም ላይ ያለው ቀይ የተቀባው ለውበት አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር የምትናገረው ቀስት እዚያ ደረሰች ማለት ቫልቩና ፒስተኑ ከሚችሉት በላይ እየሠሩ ነው ማለት ነው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሳት ወይም ማርሽ መቀየር አለበት፤ ያውም አሁኑኑ። አጎቴ የደነገጠው ለዚህ ነው። አሁን ያንኑ ቀይ ሰዓት ላይ አስቀምጡት። የሴኮንዷ ቀስት በየደቂቃው አንድ ጊዜ ታልፍበታለች፤ በቀን 1440 ጊዜ ማለት ነው። የደቂቃዋ ቀስት በቀን 24 ጊዜ ትገባበታለች። ምንም አይሆንም። የሚነሳ እግር የለም፤ የሚቀየር ማርሽ የለም። በቀን 1440 ጊዜ የሚጮህና ምንም የማይመጣበት ማስጠንቀቂያ ዓይናችንን የሚያስተምረው ቀይን ችላ ማለትን ነው።

ነገሩ ግን ከቀለም ያልፋል። ጌጅ መነሻና መድረሻ አለው። ብዙውን ጊዜ ቀስቷ ከግራ ግርጌ ትነሳለች፣ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ቀኝ ትወርዳለች፤ እዚያ አለቀ። ሞተሩን ስታጠፉት ወደ ዜሮ ትመለሳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእናንተ መልስ ትሰጣለች፤ ነዳጅ ስትሰጡ ትነሳለች፣ እግራችሁን ስታነሱ ትወርዳለች። ሰዓት እንዲህ አይደለም። ዝም ብሎ ይዞራል። ብትለምኑት አይዘገይ፣ ብትቸኩሉ አይፈጥን። የፈተና አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ታዲያ ጌጅ የሚመስል ሰዓት ስንገዛ የምንገዛው ምንድን ነው? በኔ ግምት፣ ጊዜ እንደ ሞተር የእግራችንን ትእዛዝ ይሰማል የሚለውን ስሜት ነው። ደስ የሚል ስሜት ነው፤ እኔንም ይዞኛል። ግን ውሸት ነው። በዚህ ዓይነት ሰዓት ላይ የምሰጠው ፍርድ የሚነሳውም ከዚህ ነው፦ ሠሪው ውሸቱን ያባብሰዋል ወይስ ከጌጁ እውነት የሆነ ነገር ወስዶ ወደ እጃችን ያመጣል?

የሚገርመው ነገር፣ መጀመሪያ የተቀዳው ሰዓቱ ነው። የመኪና መለኪያዎችን ከሠሩት ትልልቅ ስሞች ብዙዎቹ ከሰዓት ሥራ የመጡ ናቸው። ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው የኤድሞን ጄገር ስም ዛሬ ከስዊዘርላንዱ ለኩልትር ጋር ተጣምሮ በውድ ሰዓቶች ላይ ይገኛል፤ ጄገር-ለኩልትር የሚለው መጠሪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ይኸው ስም በድሮ የአውሮፓ መኪኖች የፍጥነት መለኪያ ላይም ታትሞ ይታያል። ስሚዝስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለንደን ውስጥ በሰዓት ሱቅነት ተነስቶ የአገሩን መኪኖች ጌጅ የሚያመርት ግዙፍ ድርጅት ሆነ። አሮጌ ላንድሮቨር የነዳ ሰው ስሙን ጌጁ ላይ ሳያየው አይቀርም። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ቬሊያ የሚለው ስም በማንቂያ ሰዓቶችም፣ በፌራሪና በፊያት ዳሽቦርዶችም ላይ ነበር። አዲስ አበባ በታክሲነት የምታስታውሳት ፊያት ሰይቼንቶና እነዚያ በጨረታ በሚሊዮን ዶላሮች የሚሸጡት ፌራሪዎች ጌጃቸው ከአንድ ቤት የወጣ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ጌጅ የሰዓት ልጅ ነው። ልጁ ከቤት ወጥቶ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ቤት ያልነበረ ችግር ገጠመው። መንገዱ ያንቀጠቅጣል። ፀሐይ በመስታወቱ ላይ ታንጸባርቃለች። ሌሊት አለ። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሳው ቢበዛ ለአንድ ሴኮንድ ነው። ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ቁጥር፣ ወፍራም ቀስት፣ ትንሽ ጽሑፍ፤ ይሄ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ዛሬ «ክላሲክ» ብለን የምንወደው መልክ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አሳስቶ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር የተደረገ ጥረት ውጤት ነው።

አሳስቶ ማንበብ ምን እንደሚያመጣ ጃክ ሆየር በራሱ ደርሶበታል። ቤተሰቡ፣ ዛሬ ታግ ሆየር የሚባለው ድርጅት ባለቤቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ለመኪናና ለአውሮፕላን ዳሽቦርድ የሚሆን አውታቪያ የተባለ ሰዓት ይሠሩ ነበር። ስሙ አውቶሞቢልና አቪዬሽን ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው። በ1958 ወጣቱ ጃክ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በአንድ የራሊ ውድድር ላይ ጊዜ ይቆጥር ነበር። የገዛ ቤተሰቡን ሰዓት ገጽ አሳስቶ አነበበ፤ ድሉም አመለጣቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱን በመንገዱ ያሳብብ ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን ከሰዓቱ ገጽ ላይ ፈለገ። በዚያው ዓመት ሞንቴካርሎ የተባለው አዲስ የዳሽቦርድ ሰዓት ወጣ፤ ሰዓቱ በቀስት መነበቡ ቀርቶ በትንሽ መስኮት ውስጥ በቁጥር ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው አውታቪያ የሚለውን ስም በ1962 ወደ እጅ ሰዓት ያሸጋገረው፤ በ1963 ደግሞ ካሬራን ያወጣው።

ካሬራን ስታዩት ዳሽቦርድ አይመስልም። ቀይ ቅስት የለውም፤ «×1000» የለውም። ነገር ግን የዳሽቦርዱ ትምህርት ሁሉ እዚያ አለ። ጃክ ሆየር ገጹን ከዝባዝንኬ አጸዳው። መስታወቱን አጥብቆ የሚይዘውን የውስጥ ቀለበት ወስዶ የሴኮንድ ክፍልፋዮቹን እዚያ ላይ አሰፈረ፤ ገጹም ተነፈሰ። ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1954 ሜክሲኮን አቋርጦ ይካሄድ ከነበረው ካሬራ ፓናሜሪካና ነው። ውድድሩ ብዙ ሰው ሞቶበት በአምስተኛው ዓመት የቆመ ነው። እንዲህ ዓይነት ስም የተሸከመ ሰዓት ገጹን ንጹሕ ማድረጉ ለኔ ተገቢ ጨዋነት ነው።

እዚህ ላይ ክሮኖግራፍ ስለሚባለው የሰዓት ዓይነት አንድ ነገር ልበል። ከላይ ሰዓት መልስ አይሰጥም ብያለሁ። የክሮኖግራፍ ቀስት ግን ትሰጣለች። ከዜሮ ትነሳለች፣ አውራ ጣታችሁ ሲያዛት ትሄዳለች፣ ሲያዛት ትቆማለች፣ ሲያዛት ወደ ዜሮ ትመለሳለች። በሰዓቱ ውስጥ ያለች እውነተኛ ጌጅ እሷ ናት። ጠርዝ ላይ የሚጻፈው ታኪሜትር የተባለው የቁጥር ረድፍም የሚሠራው ከሷ ጋር ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 3600ን አንድ ኪሎ ሜትር በፈጀባችሁ ሴኮንድ ማካፈል። 30 ሴኮንድ ከፈጀ ፍጥነታችሁ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ኦሜጋ እ.ኤ.አ. በ1957 ስፒድማስተርን ሲያወጣ ይህን ረድፍ ከገጹ ላይ አንስቶ ጠርዙ ላይ አስቀመጠው። ጨረቃ ላይ ከመድረሱ በፊት የታሰበው ለመኪና ስፖርት ነበር። የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት መንገድ ስትሄዱ ሞክሩት፤ ግን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣችሁ እንጂ መሪ ይዛችሁ አይደለም።

ወደ አጎቴ ቮልስ ልመለስ፤ ምክንያቱም ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው የዳሽቦርድ ሰዓት የመጣው ከዚያች መኪና ቤተሰብ ነው። ቮልስዋገንን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የቮልስ ዳሽቦርድ ላይ ከሾፌሩ ፊት አንድ ክብ መለኪያ ብቻ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የነዳጅ ጌጅ እንኳ አልነበራትም። የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ የታየችውን ፖርሽ 911 ነደፈ። የዚያች መኪና ዳሽቦርድ አምስት ክብ መለኪያዎች አሉት፤ መሀል ላይ ያለውና ትልቁ አርፒኤሙ ነው። የፍጥነት መለኪያው ወደ ጎን ገለል ብሏል። መኪናው ለሾፌሩ የሚለው ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የሞተሩን ስማ።

ይኸው ሰው በ1972 የራሱን የዲዛይን ቢሮ ከፍቶ መጀመሪያ ካወጣቸው ነገሮች አንዱ ክሮኖግራፍ 1 የተባለ የእጅ ሰዓት ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነበር፤ ገጹ ብቻ ሳይሆን ብረቱም ማሰሪያውም። ያን ጊዜ ሰዓት ማለት የሚያብለጨልጭ ብር ወይም ወርቅ ነው። እሱ ግን ከዳሽቦርድ ያወቀውን ወሰደ፤ ጥቁር ነገር አያንጸባርቅም፣ ነጭ ቁጥር ጥቁር ላይ ጎልቶ ይነበባል። ቀይስ? ቀይ የተቀባችው የክሮኖግራፏ የሴኮንድ ቀስት ናት። አጎቴ ይህን ሰዓት ቢያይ ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ ልነግረው እችላለሁ፦ አንተ የምታዛት ቀስት እሷ ናት። ይህ ሰዓት ጌጅ እንዲመስል አልተለፋም፤ በጌጅ ሕግ ነው የተሠራው። ነቀፌታ ካለኝ ዕለቱንና ቀኑን የሚያሳዩት መስኮቶች ላይ ነው፤ ማንም ሾፌር መሪ ይዞ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አይጠይቅም።

ከዘመናችን ሠሪዎች በብዛት የምመለስበት በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረው አውቶድሮሞ ነው። ሞኖፖስቶ የተባለው ሰዓታቸው ቀይ መስመር አለው፤ መስመሩ ያለው ግን ገጹ ላይ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ነው። በድሮ የውድድር መኪኖች መካኒኩ ብሩሽ ይዞ፣ ሾፌሩ ማለፍ የሌለበትን ቦታ በራሱ እጅ በጌጁ መስታወት ላይ ይቀባ ነበር፤ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ፋብሪካው ሳይሆን አንድ ሰው ለሌላ ሰው የተወው መልእክት ነውና። ግን ልዋሽ አልችልም፤ ይህም መስመር ሰዓት ላይ ሲሆን ማንንም አያስጠነቅቅም። ከሌሎቹ የሚለየው ከየት እንደመጣ ማወቁና አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የአጎቴ ጥያቄ ቀርቷል፤ ስንት ሰዓት ነው? እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ያልተጠራንበት ግን የምናውቀው ጉዳይ አለ። የውድድር መካኒኮች አርፒኤሙን ሲገጥሙ ራሱን ጌጁን አዙረው ያስቀምጡታል፤ ማርሽ የሚቀየርበት ቦታ ልክ ከላይ እንዲሆን። ሾፌሩ ቁጥር አያነብም፤ ቀስቷ ቀጥ ብላ መቆሟን ብቻ ነው የሚያየው። እኛም ሰዓት ስናነብ እንደዚያው ነን። በፈረንጅ አቆጣጠር የተስተካከለ ሰዓት ላይ አጭሯ ቀስት 9 ላይ ስትሆን «ሦስት ሰዓት» እንላለን። ልብ ብላችሁ ብታዩ ቁጥሩ የቀስቷ ጭራ በኩል ነው ያለው፤ የ9 ትይዩ 3 ነው፣ የ7 ትይዩ 1፣ የ12 ትይዩ 6። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናነበው ቦታን እንጂ ቁጥርን አይደለም።

ስለዚህ ጥሩ መመዘኛ አለን። ገጹ በቦታ ይነበባል ወይ? ከሰዓቱ ቁጥሮች ይልቅ እንደ ፍጥነት መለኪያ 10፣ 20፣ 30 እያለ የሚሄድ፣ ወይም ቁጥሮቹን ከግራ ግርጌ ጀምሮ እስከ 8 ብቻ የሚጽፍ ሰዓት ላይ ትይዩው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሀበሻውም የፈረንጁም ሰዓት አይነበብም፤ ፎቶው ብቻ ነው የሚያምረው። እኔና አጎቴ ስልኩ ላይ አፍጥጠን የቀረነው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ ብዙ ተቺዎች የሚያላግጡበትን አንዱን ነገር ልከራከርለት። አንዳንድ ሰዓቶች ምን ያህል ኃይል እንደቀራቸው የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ በነዳጅ ጌጅ መልክ ይሠሩለታል። ይሄ ለኔ ትክክል ነው። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ውስጥ ያለው ጥቅል ብረት እንደ ነዳጅ በእርግጥ ያልቃል። መነሻና መድረሻ አለው፤ ስትሞሉት ይነሳል፣ ስትተዉት ይወርዳል። እዚያ ቀይ ብትቀቡ ቀዩ እውነት ነው፤ ካልሞላኸኝ እቆማለሁ ነው የሚለው።

«ጌጥ እኮ ነው፣ ምን ያካብዳል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ያልነዳነው መኪና፣ ያላየነው ውድድር ናፍቆት ቢያምረን ምን ነውር አለው? ምንም። ግን የአጎቴን ቮልስ አስታውሳለሁ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ ከተበጠሰ ቆይቶ ነበር፤ ቀስቷ ዜሮ ላይ ተኝታ ቀረች። አጎቴ የሚነዳው በጆሮው ነበር፤ ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር ማርሽ ይቀይራል። በልጅነቴ ያቺ ቀስት ለምን እንደማትነሳ ስጠይቀው፣ «ተያት፣ ለጌጥ ናት» የሚላት ያህል በእጁ ያጣጥላት ነበር። በጌጅና በጌጥ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል የተበጠሰችው ገመድ ናት።

ይህ ነገር ካሁን በኋላ ይብሳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ወስናለች። አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ዳሽቦርዳቸው ስክሪን ነው፤ ፍጥነታቸውን በቁጥር ይነግራሉ፣ ቀይ የገባ አርፒኤም አያሳዩም። ዛሬ የሚወለዱ ልጆች ምናልባት ያንን ቀይ ቅስት መጀመሪያ የሚያዩት በሰው እጅ ላይ፣ ሰዓት ሆኖ ነው። ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር የሚነግራቸው ሰዓቱ ራሱ ነው። በቀን 1440 ጊዜ በከንቱ የሚታለፍ ከሆነ የሚማሩት ቀይ ማለት ቀለም መሆኑን ብቻ ነው። ክሮኖግራፍ 1ን ወይም ካሬራን ካዩ ግን አንድ ሰው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እንዳይሳሳት ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰቡን ያያሉ። እኔ እንዲተርፍ የምፈልገው ይሄኛው ነው።

ልትገዙ ካሰባችሁ ፎቶውን ለአንድ ሴኮንድ ብቻ አይታችሁ ስልኩን ገልብጡት። ስንት ሰዓት ነበር? ከመለሳችሁ፣ ቀዩ ምን እንደሚል ደግሞ ጠይቁት።

እኔ ያን ሰዓት አልገዛሁትም። አጎቴ ግን አልረሳውም። በሳምንቱ ለሌላ ጉዳይ ደውሎ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «ያ ሰውዬ ግን ማርሽ ቀየረ?» አለኝ።